በግፈኛ መንግሥት ዘመን ጀግና የሚባለው ማን ነው? (ከዘነበ ወርቅ ስም ተነሥቶ የቀረበ አጭር ጥናት)

ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ታክሲ ረዳት «ዘነበወርቅ! አየር ጤና!» እያለ ሲጣራ መስማት ለአዲስ አበባ ሰው የየዕለት ነገር ነው። ስሙን የሚያነሣው ሁሉ ግን ባለስሟን ያውቃል ማለት አይደለም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስንነሣ በሰፈሩ ያሉትን ጥቂት ሰዎች «ዘነበ ወርቅ ማን ነበሩ?» ብለን ጠይቀን ነበር። አንዳንዶቹ ሆስፒታሉን ያሠሩ ባለጸጋ ናቸው አሉን፤ አንዲት እናት ደግሞ መነኩሴ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው መለሱልን። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ መሆናቸውን የነገሩን ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ባለቤታቸው ማን እንደ ነበረ ያነሣልን ግን አንድም ሰው አልተገኘም። እኛን ወደዚህ ጥናት የመራንም ይኸው ያልተነሣው ስም ነው።

ልዕልት ዘነበ ወርቅ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ናቸው። በ1924 ዓ.ም. ገና በልጅነት ዕድሜያቸው የራስ ጉግሣ አርአያ ልጅ ለሆነው፣ የዐፄ ዮሐንስም ዘር ለነበረው ለኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተዳሩ። በዚያው ጊዜ አልጋ ወራሹ የራስ ሥዩም መንገሻን ልጅ ስላገቡ፣ ቤተ መንግሥቱ ሁለቱን የትግራይ ባላባት ቤቶች በጋብቻ ለማሰር አስቦ እንደ ነበር ግልጽ ነው። ልዕልቲቱ ብዙ ሳይቆዩ በ1926 ዓ.ም. ትግራይ ሳሉ ዐረፉ። በምዕራብ አዲስ አበባ በሥጋ ደዌ ለታመሙ ሰዎች የተቋቋመው ሆስፒታል ስማቸውን ያዘ፤ በ1958 ዓ.ም. የአለርት ድርጅት በዚያው ስፍራ ሥራውን ጀመረ፤ በዙሪያው የተቆረቆረው ሰፈርም በስማቸው ተጠራ።

ባለቤታቸው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ግን ሌላ ስም አተረፈ። የኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን በተሻገረ በሳምንቱ፣ የምሥራቅ ትግራይ ገዥ ሆኖ ሳለ፣ ከተከታዮቹ ጋር ለጠላት አደረ። ኢጣሊያኖችም ራስ ብለው ሾሙት፤ መቀሌም ሲገቡ አብሯቸው ገባ። ከነፃነት በኋላ ተፈርዶበት ለብዙ ዘመን በግዞት ኖረ። እንግዲህ ሕሙማን የሚታከሙበት ሰፈር የተጠራው በዚያ ጦርነት ከከዱት ሁሉ ስሙ በከፋው ሰው ሚስት ስም ነው። እሳቸው ክህደቱ ከመፈጸሙ በፊት ስላለፉ ከነገሩ ንጹሕ ናቸው። ለእኛ ግን ሰፈሩ አንድ ጥያቄ ሰጠን፤ ይኸውም በግፈኛ መንግሥት ሥር ሰው ጀግና ወይም ከሐዲ የሚባለው በምን ሚዛን ተመዝኖ ነው የሚለው ነው።

በጦር ሜዳ ነገሩ ቀላል ነው። ዐድዋ ወይም ማይጨው የተዋጋውን ሰው ጎራዴውና ቁስሉ ይመሰክሩለታል። እኛ በተማርንበት የሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም የታሪክ ፈተና ላይ «ሦስት ጀግኖች ጥቀስ» ሲባል የጦር አለቆችን ስም መደርደር ይበቃ ነበር። ነገር ግን ጠላት ጦርነቱን አሸንፎ መንግሥት ሆኖ ሲቀመጥ፣ ደሞዝ ሲከፍል፣ የይለፍ ወረቀት ሲሰጥ፣ ዳኛ ሲያስችል፣ መንገድ ሲያሠራ፣ ያን ጊዜ ማን ምን እንደ ሆነ መለየት ይከብዳል። ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በኋላ በአዲስ አበባ የቀረው ሕዝብ እንጀራ መብላት ነበረበት። ልጆች ያሉት ሰው መንገድ ቆፈረ፤ ቋንቋ የሚያውቅ አስተርጓሚ ሆነ፤ ነጋዴው ለጠላት ወታደር ዕቃ ሸጠ። እነዚህን ሁሉ ባንዳ ብለን ብንጠራ በከተማው ሰው አይቀርልንም፤ ሁሉንም ንጹሕ ብንል ደግሞ ቃሉ ትርጕም ያጣል።

አንዳንድ ሰዎች መለኪያው «የሸሸና ያልሸሸ» ነው ይላሉ። ይህ ግን አያስኬድም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ ጅቡቲ በባቡር ሲወጡ በመማክርቱ ጉባኤ 21 ሰዎች መውጣቱን ደግፈው 3 ብቻ ተቃውመው ነበር፤ ከተቃወሙትም አንዱ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ናቸው። በመውጣታቸው እስከ ዛሬ የሚወቅሷቸው አሉ። ይሁን እንጂ በሰኔ ወር በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያሰሙት አቤቱታ ከሽሽቱ የተገኘ ፍሬ ነው። በሌላ በኩል የቀረ ሁሉ ጀግና አይደለም፤ ኃይለ ሥላሴ ጉግሣም እኮ ከአገሩ አልወጣም።

እኛ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው፤ ግፈኛ መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዋጋ ያቀርብለታል፤ ሰውየውም ዋጋውን ወይ ራሱ ይከፍላል፣ ወይ በሌላ ሰው አንገት ላይ ያደርገዋል። የምንመረምረውም በእያንዳንዱ ሰው ታሪክ ውስጥ ዋጋው በማን ላይ እንደ ወደቀ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የጳጳሳቱን ነገር እንመልከት፤ ምክንያቱም በአንድ ቀን ከአንድ እጅ ሢመት የተቀበሉ ሰዎች ምን ያህል በተለያየ መንገድ እንደ ሄዱ በግልጽ ያሳያል። ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ከግብፅ ስታስመጣ ኖራ፣ በ1921 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ካይሮ ሄደው ጵጵስና ተቀበሉ። ከእነዚህም መካከል አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስና አቡነ ሚካኤል ይገኛሉ።

አቡነ ጴጥሮስ ሰላሌ ውስጥ ከደጃዝማች አበራ ካሣና ከወንድማቸው ከአስፋ ወሰን ካሣ ጦር ጋር ነበሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞቹ አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ለማጥቃት ሞከሩ። ክረምት ስለ ነበረ ወንዞች ሞልተዋል፤ የተለያዩት ጦሮች እንደ ተቀጣጠሩት በአንድ ጊዜ ሊገናኙ አልቻሉም፤ ጥቃቱም ከሸፈ። አቡነ ጴጥሮስ በጠላት እጅ ወደቁ። ኢጣሊያኖች የፈለጉት ብዙ አልነበረም፤ አርበኞቹን ሽፍቶች ብለው እንዲያወግዙና ለሮማ መንግሥት መታዘዝን እንዲያስተምሩ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ይህን እምቢ አሉ። በማግሥቱ ሐምሌ 22 ቀን በሕዝብ ፊት በጥይት ተገደሉ። ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ መገዘታቸውን ያገር ሰው እስከ ዛሬ ይተርካል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ያን ቀን አቡነ ጴጥሮስ እሺ ቢሉ ኖሮ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነበር? ጫካ ያለው ገበሬ ነበር። እሱ ጦሩን የሚይዘው ጽድቅ ነው ብሎ ስለሚያምን ነው፤ ጳጳሱ ኀጢአት ነው ቢሉት ልቡ ይከፈላል፤ ጐረቤቱም «የተወገዘ ነው» ብሎ እህል ይከለክለዋል። ስለዚህ የአንድ ሰው ፊርማ የብዙ ሺሕ ሰው ስንቅ ማለት ነበር። አቡነ ጴጥሮስ የጠላት ወታደር አንድ እንኳ አልገደሉም፤ ሥራቸው ሁሉ አንድ ቃል መከልከል ነው። አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. ጎሬ በኢጣሊያኖች እጅ ሲገደሉ ያንኑ መንገድ ተከተሉ።

አቡነ አብርሃም ግን ለጠላት አደሩ። በ1930 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ቤተ ክርስቲያኗን ከእስክንድርያ ለይተው የበላይ አድርገው ሾሟቸው። ይህን ያደረጉት ቤተ ክርስቲያንን ከጥፋት ለማዳን ነው ብለው የሚከራከሩላቸው ሰዎች አሉ፤ ክርክሩም ሳይሰማ መጣል የለበትም። ዕውርም ነበሩ፣ ሽማግሌም ነበሩ የሚለውን ግን ለፍርድ አናቀርበውም፤ ድካም ክህደት አይደለምና። እኛን ያልገባን የጊዜው ነገር ነው። ሹመቱ የመጣው ከደብረ ሊባኖስ እልቂት በኋላ ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ጄኔራል ማሌቲ በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳትና ዲያቆናት አስፈጀ፤ ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮማ ባስተላለፈው ቴሌግራም ያመነው 449 ሰው ነው፤ በኋላ ዘመን የተደረጉ ምርመራዎች ቁጥሩን ከዚህ እጅግ ከፍ ያደርጉታል። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያንን ለማዳን የተባለው ስምምነት የተደረገው ቤተ ክርስቲያን ከታረደች ከወራት በኋላ፣ ካራጆቿ ጋር ነው።

ደግሞም በዚያ መንግሥት ዘንድ መታዘዝ ራሱ ዋስትና አልነበረም። አበራና አስፋ ወሰን ካሣ የምሕረት ቃል ተገብቶላቸው እጃቸውን ሲሰጡ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ተገደሉ። ይህ ለባዕድ ብቻ የተደረገ ጭካኔ እንዳይመስለን፤ የፋሺስት መንግሥት የገዛ አገሩን የሸንጎ አባል ጃኮሞ ማቴኦቲን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 በሮማ ከተማ ጠልፎ ያስገደለ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢጣሊያ እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ፣ ዛሬ የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ልጅ ስለ ወለደ ደስታ ለድኾች ምጽዋት ለመስጠት ሕዝቡን ሰብስቦ ነበር። በዚህ ጊዜ ሁለት የኤርትራ ተወላጆች፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም፣ የእጅ ቦምብ ወረወሩ። አብርሃ በጠላት የፖለቲካ መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ይህም ማለት ቀደም ሲል «እንጀራ ፈላጊ» ካልናቸው ሰዎች አንዱ ነበር ማለት ነው። ከጥቃቱ በፊት በነበረው ቀን ብናገኘው ምን ብለን እንጠራው ነበር?

ግራዚያኒ ብዙ ቁስል ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ በከተማው ለሦስት ቀን የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሰው በአካፋና በጩቤ ተገደለ፤ ቤት ከነነዋሪው ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ መዝግቧል፤ እንግሊዛዊው ታሪክ ጸሐፊ ኢያን ካምቤል በቅርብ ዓመታት ባደረገው ምርመራ ወደ 19,000 ገደማ ይላል። ከዚያም በተከታታዩ ሳምንታት የተማሩት ወጣቶች እየተለቀሙ ተረሸኑ። አብርሃና ሞገስ በደብረ ሊባኖስ በኩል ማለፋቸው ለገዳሙ እልቂት ሰበብ ሆነ።

በዋጋ ሚዛን ከሄድን፣ የሁለቱ ወጣቶች ሥራ ዋጋው በሌሎች ላይ ወደቀ ማለት ነው። ይህን በጥናት ክበባችን ውስጥ ስንወያይ እርስ በርስ ተጣልተናል ማለት ይቻላል። ከእኛ አንዱ ወገን «ሕዝቡን ሳያማክሩ በሕዝቡ ደም ተጫወቱ» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ «ገዳዩን ትቶ ቦምብ ወርዋሪውን መክሰስ የግራዚያኒን መዝገብ መጻፍ ነው» ሲል መለሰ። ጉዳዩን ደጋግመን ካየነው በኋላ ከሁለተኛው ወገን ጋር ተስማማን፤ ሆኖም የመጀመሪያውን ተቃውሞ ዋጋ ቢስ አላደረግነውም። ጠላት ዋጋውን በሌላ ሰው ላይ መጣሉ ራሱ ሆን ተብሎ የተሠራ የአገዛዝ ዘዴ ነው፤ አንዱ ሲነሣ ሺሕ ይሙት በማለት ሁሉም ሰው የጐረቤቱ ዘበኛ እንዲሆን ያደርጋል። ይህን ዘዴ ተቀብለን ከፈረድን ከእንግዲህ ማንም እጁን ማንሣት አይችልም። ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ የሰዎችን ደም ለሹመቱ ለወጠው፤ እነአብርሃ ግን ምንም አልተቀበሉበትም፤ እነሱም ወደ ሱዳን ሲያመሩ በመንገድ ላይ ተገደሉ።

ከዚህ ነገር ሁሉ ልባችንን የነካው ግን የሦስተኛው ሰው ታሪክ ነው። ስምዖን አደፍርስ የታክሲ መኪና ነበረው። ወጣቶቹን ከከተማ ያወጣቸው እሱ ነው። በኋላ ተያዘ፤ ተሠቃየ፤ በእስር ሞተ። ቦምብ አልወረወረም፣ ንግግርም አላደረገም። በመኪናው ተቀምጦ ጠበቀ፤ ከዚያም ነዳ። ታክሲ ስንሳፈር እሱን የምናስታውስ ስንቶቻችን ነን?

ስለ ስምዖን ስናነሣ የውስጥ አርበኞችን ነገር ማለፍ አይቻልም። በጠላት ከተማ ውስጥ እየኖሩ ለጫካው አርበኛ ወሬ፣ ጥይት፣ መድኃኒት፣ ልብስና የይለፍ ወረቀት የሚያቀብሉት ሰዎች የውስጥ አርበኛ ይባሉ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ የጠላት ዘበኛ የሴት ቅርጫት ብዙ ስለማይጠረጥር። ከሁሉም ስማቸው የታወቀው ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ናቸው። ንብረታቸውን ለአርበኞች አዋሉ፤ ተይዘው ብዙ ተሠቃዩ፤ ነገር ግን የባልደረቦቻቸውን ስም አላወጡም። ወደ ኢጣሊያ፣ ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዙ። ተመልሰውም ዝም አላሉም፤ የአዲስ ዓለም ምሽግ በአርበኞች ሲጠቃ ከነገሩ ዋና ተሳታፊዎች አንዷ ሆኑ። እኚህ ሴት በምርመራ ክፍል ውስጥ አሥር ስም ቢጠሩ ኖሮ ሥቃዩ ወደ አሥር ቤት ይዛወር ነበር። ስላልጠሩ በእሳቸው አካል ላይ ቀረ።

ይሁን እንጂ የውስጥ አርበኝነት ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ፈተና ነው። ሥራው በባሕርዩ ወረቀት አይተውም፤ ቀን ለጠላት የሠራ ሁሉ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ «ሌሊት ለአርበኛ እሠራ ነበር» ሊል ይችላል፤ ያሉም አልጠፉም። እውነተኛዋ ስንቅ አቀባይ ደግሞ ማንበብ ስለማትችልና ምስክሮቿ ስለሞቱባት ማስረጃ ሳታገኝ የቀረች ትኖራለች። በአዲስ አበባ በየሰፈሩ፣ በዘነበ ወርቅም ጭምር፣ ከአያት የተሰማ ወሬ ያላቸው ቤተሰቦች አሉና ይህን የሚሰበስብ ተማሪ ቢገኝ ድካሙ ከንቱ አይሆንም።

መንግሥት የሚሰጠው ሜዳይም አይረዳንም። ለዚህ የደጃዝማች በላይ ዘለቀን ታሪክ መጥቀስ ይበቃል። ጠላትን በጎጃም አምስት ዓመት ሲዋጉ የኖሩት እኚህ ሰው ከነፃነት በኋላ ከመንግሥቱ ጋር ተጣሉ፤ ዐመፁ፤ ተይዘው ተፈረደባቸው፤ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። በዚያው ቀን አብረዋቸው የተሰቀሉት ልጅ ማሞ ኃይሉ ናቸው፤ እሳቸው ግን በወረራው ዘመን በጠላት ወገን ተሰልፈው በላይን የተዋጉ ነበሩ። አርበኛውና ባንዳው በአንድ እንጨት ላይ ዋሉ።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንኳ ያለ ችግር አልቆመም፤ በ2005 ዓ.ም. ለከተማ ባቡር ሥራ ከቦታው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ። ይህን የምናነሣው ለመውቀስ አይደለም፤ ሐውልቱ በሌለበት በእነዚያ ዓመታት ሕዝቡ ቦታውን «አቡነ ጴጥሮስ» ብሎ መጥራቱን እንዳልተወ ለማስታወስ ነው።

ግፈኛ መንግሥት የባዕድ ብቻ አለመሆኑን የእኛ ትውልድ ከወላጆቹ አንደበት ሰምቷል። በደርግ ዘመን የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ የወለጋ ተወላጅና በወጣትነታቸው በሆስፒታል ቁስል አጣቢ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። በተደጋጋሚ ታሰሩ። የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁልየስ ኔሬሬ ከአገር እንዲወጡ መንገድ አዘጋጁላቸው። መውጣት ይችሉ ነበር። ምእመናኔን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሲወጡ፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተጠለፉ፤ ያን ሌሊትም ተገደሉ። ቀኑ አርበኞች አዲስ አበባን ያጠቁበት፣ የአቡነ ጴጥሮስም ሞት ዋዜማ መሆኑን ያስተዋልነው ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ነው። ጀርመናዊው ቄስ ዲትሪክ ቦንሄፈርም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 አሜሪካ ደርሰው ሳለ፣ ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ወደ ሂትለር አገር ተመልሰው በመርከብ ሄደዋል፤ በ1945 ተሰቀሉ።

እዚህ ላይ ግን ያቆምነው ሚዛን ራሱ ይፈትነናል። ጀግና ዋጋውን በራሱ ላይ ያደርጋል ብለናል። የቄስ ጉዲና ውሳኔ ግን እሳቸውን ብቻ አላስከፈለም። ያን ማታ ለጊዜው የተለቀቁት ወይዘሮ ፀሐይ በሚቀጥለው ዓመት ታስረው፣ ተሠቃይተው፣ ወደ ዐሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከልጆቻቸው ተለይተው በእስር ቆዩ። ባላቸው ሲቀሩ አብረው የቀሩ፣ ስማቸው በፈተና ላይ የማይጠየቅ ሴት ናቸው። ስለዚህ ሚዛናችንን አንጥልም፤ ነገር ግን በአንድ ሰው ስም የምንጽፈው ጀግንነት ስንት ሰው ተካፍሎ እንደ ከፈለው መቍጠር እንዳለብን ተረድተናል። ወይዘሮ ፀሐይ ከእስር ከወጡ በኋላ፣ መንግሥቱም ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. የባለቤታቸው አስከሬን ተገኘ፤ እሳቸውም ከ13 ዓመት በኋላ ቀበሯቸው።